የ16 ዓመት ልጄ ከምግብ እየሸሸ ነው፤ ይህ ነገር ወንድ ልጅንም ይይዛል?

እመ ሁለት (ቨርጂኒያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ቨርጂኒያ ነው። አማርኛ ይሰማል፣ ሲመልስ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ምግብ የማይመርጥ ልጅ ነበር። ዶሮ ወጥ የሠራሁ ቀን ድስቱ ሥር የቀረውን ቁሌት በእንጀራ ጠራርጎ ነው የሚነሳው። አምና የትምህርት ቤቱ የሬስሊንግ (የትግል) ቡድን ውስጥ ገባ። አባቱ "የአያቱን ጉልበት ወርሶ ነው" እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል።

ሬስሊንግ የሚጋጠሙት በክብደት ተከፋፍለው ነው። ክብደቱን የቀነሰ ልጅ ከእሱ ካነሱት ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ውድድር ሲደርስ ይቀንስ ነበር። ቅዳሜ ይጋጠማል፣ እሑድ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ፌብሩዋሪ ላይ ውድድሩ አለቀ። እሱ ግን አላቆመም። ከ150 ፓውንድ ወደ 127 ወርዷል። ቁመቱ ደግሞ በዚሁ መሃል ጨምሯል።

ማዕድ ላይ ስንቀመጥ ምን ያህል እንደበላ ማወቅ አይቻልም። እኛ ቤት በአንድ ትሪ ነው የሚበላው። እጁ ከትሪው አይጠፋም። እንጀራውን ይቆርሳል፣ ወጡን ያጠቅሳል፣ ጠቅለል አድርጎ እህቱን ያጎርሳታል። ደግሞ ይጠቀልላል፣ ለአባቱ። ደግሞ ለእኔ። እንግዳ የመጣ ቀን "እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው!" ይሉኛል። አንድ ማታ ዝም ብዬ አፉን ብቻ ሳይ አመሸሁ። ወደ አፉ የገባው ሰላጣ ብቻ ነው። ሁላችንን አጉርሶ፣ እጁን ታጥቦ ገባ።

ኩሽናውንም የያዘው እሱ ነው። ለእህቱ ጨጨብሳ በቅቤና በማር ይሠራላታል። ስትበላ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያያታል። እሱ አይቀምስም። ማታ አልጋው ላይ ሆኖ በስልኩ የሚያየው የምግብ አሠራር ነው። የሽሮ ዱቄቴን በግራም ይመዝናል።

ክፍሉን ሳጸዳ አልጋው ሥር የለስላሳ ፕላስቲክ አገኘሁ። እስከ ግማሽ ድረስ ምራቅ ነው። ስጠይቀው "ልጆቹ ሁሉ ያደርጉታል፣ ከሰውነት ውሃ ለመቀነስ ነው" አለኝ። የምን ውሃ? ውድድር እኮ የለም!

ሌላው ጾሙ ነው። ሁዳዴን ሙሉውን ጾመ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምስም። ቤተ ክርስቲያን ያሉ እናቶች "ያሳድግልሽ" ብለው መረቁኝ። ፋሲካ ሲመጣ ግን አልፈሰከም። ሌሊት ከቅዳሴ መጥተን ስንገድፍ "ሆዴን አሞኛል" ብሎ ክፍሉ ገባ። በበዓለ ሃምሳም ረቡዕና ዓርብ ጾመ። በሃምሳው ጾም እንደሌለ ነገርኩት፣ አልሰማኝም። አሁን ደግሞ የሰኔ ጾም ገባ።

እጁ በረዶ ነው። በዚህ ሙቀት ሁዲውን አያወልቅም። የሻወሩ ማፍሰሻ በፀጉሩ ይደፈናል። ሐኪም ጋ ወስጄዋለሁ። የልቡ ምት 46 ነው አሉ። ሐኪሙ "ስፖርተኛ ስለሆነ ነው" ብሎ አለፈው። እኔ የምለውን የሚያስተረጉመው ደግሞ ራሱ ልጄ ነው። ምን ብሎ እንደነገራቸው እግዜር ይወቅ።

አባቱ "ጎረምሳ ነው፣ ተይው፣ ሲርበው ይበላል" ይላል። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ "ይሄ የሴት ልጆች በሽታ ነው፣ ወንድ አይዘውም" አለችኝ። እውነት ነው? ያየ አለ? ከምን ልጀምር?


ቆፍጣናው፦

እህቴ አታካብጂው። የሞላላቸው ሰዎች ቅብጠት ነው። ሀገር ቤት ሰው እህል አጥቶ ያድራል፣ እዚህ ፍሪጅ ሙሉ ምግብ እያለ አልበላም ይባላል። ለክረምቱ ገጠር አያቱ ጋ ላኪው። ሞፈር ጨብጦ ሲውል ድንጋይም ይበላል።


ታክሲ ነጂ (ዲሲ)፦

ቆፍጣናው ወንድሜ፣ እኔ ያደግሁት ደሴ ነው። ሰባት ሆነን በአንድ ክፍል። ቅብጠት የሚባል ነገር በኛ በር አላለፈም። ግን ይሄ በሽታ ያዘኝ፣ ያውም በ30 ዓመቴ።

እህቴ፣ የኔው ከልጅሽ ይለያል። ቡሊሚያ ነው የሚባለው። ሌሊት ኤርፖርት ተሰልፌ እየዋልኩ እያደርኩ ቦርጭ አወጣሁ። ጓደኞቼ ቀለዱ። ዳይት ጀመርኩ፣ ቀኑን ሙሉ ሳልበላ እውላለሁ። ሌሊት ላይ ግን አልችልም። ከመኪና ሳይወርዱ በሚታዘዝበት በድራይቭ ስሩ እገባና የሁለት ሰው ምግብ አዛለሁ። ሁለት መጠጥ አስጨምራለሁ፣ አስተናጋጇ ብቻውን ነው እንዳትል። ሰው የማያልፍበት ፓርኪንግ ፈልጌ ሁሉንም እጨርሳለሁ። ከዚያ ነዳጅ ማደያ ሽንት ቤት ገብቼ አስመልሳለሁ። ውሃ በላዩ ጠጥቼ፣ ማስቲካ ይዤ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ይህ ለዓመታት ነው።

ማን አወቀብኝ? ማንም። ክብደቴ እንደማንኛውም ሰው ነበር። ሰዎች እንደሚያስቡት ሁሉም አይከሳም። ስታስመልስ ጉንጭህ ሥር ያሉት የምራቅ ዕጢዎች ያብጣሉ። ፊቴ ክብ ሆነ። ሰንበቴ ላይ "ተመችቶሃል!" ይሉኛል። በመጨረሻ ያወቀው የጥርስ ሐኪሜ ነው። የፊት ጥርሶቼ በጀርባ በኩል በአሲድ ተበልተዋል። በሩን ዘጋና ቀስ ብሎ "ታስመልሳለህ?" አለኝ። ካድኩ። ብዙም ሳይቆይ መኪና ውስጥ ልቤ ይዘልብኝ ጀመር፣ ኢመርጀንሲ ገባሁ። ፖታሲየሜ ወርዶ ነበር። በማስመለስ የሚሄደው እሱ ነው፣ ፖታሲየም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል። ትጠጣለህ ወይ፣ ዕፅ ትወስዳለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ስለ ምግብ የጠየቀኝ ግን የለም። ሴት ብሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነበር።

ሕክምናው አለ እህቴ፣ ይሠራል። እኔን የረዳኝ በየሳምንቱ የንግግር ሕክምና ነው፣ ፍሉኦክሴቲን ከሚባል መድኃኒት ጋር። የመጀመሪያው የቤት ሥራዬ ምን መሰለሽ? ቁርስ መብላት። ቀን ካልተራብክ ሌሊት አታብድም አለችኝ ቴራፒስቷ። አልዋሽሽም፣ ዛሬም ክፉ ቀን አለ።

ወንድ አይዘውም ለሚሉሽ ደግሞ ጆን ፕሬስኮትን ጥሪላቸው። የእንግሊዝ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው። እንቁላል የወረወረበትን ሰው ካሜራ ፊት በቡጢ ያቀመሰው ሰውዬ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቡሊሚያ ነበረብኝ ብሎ በአደባባይ ተናግሯል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ዘመድ ሁሉ ሲያየው "አይ ከስተሃል!" እንዳይለው። እኛ ሰላምታችን ሁሉ ሰውነት ላይ ነው። በዚህ በሽታ ላለ ልጅ "ከሳህ" ማለት ዋንጫ መስጠት ነው። ሲያገግም "ተመችቶሃል" የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፣ በማግስቱ ምግብ ያስቆመዋል።


ሲስተር (ሜሪላንድ)፦

እህቴ፣ የሕፃናትና ታዳጊዎች ነርስ ነኝ። አስቀድሜ አስቸኳዩን ልንገርሽ። ቀን ላይ፣ ነቅቶ፣ የልብ ምቱ ከ50 በታች ከሆነና ክብደቱ እንዲህ ከወረደ ልጁ ሆስፒታል ተኝቶ መታየት አለበት። ስፖርተኛ ልብ ቀስ ይላል፣ እውነት ነው። ግን ይህን ያህል የከሳ ልጅ ላይ "ስፖርተኛ ነው" ብሎ ማለፍ አይቻልም። የተራበ ሰውነት ልብንም ይቆጥባል። ነገ ደውዪ። ተኝቶም ቆሞም የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ይለካ፣ ኢኬጂ (የልብ ምርመራ) ይነሳ፣ በደሙ ውስጥ ፖታሲየምና ፎስፌት ይታይ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያለውን የእድገት ሰንጠረዡን አውጥተው ያሳዩሽ። መስመሩ የት ላይ እንደተሰበረ በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው፣ ወይም "መኖር አልፈልግም" ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ኢመርጀንሲ ነው። መሞት የሚል ሐሳብ እንዳለው ፊት ለፊት ጠይቂው፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። 988 የሚባለው የአሜሪካ የአስቸኳይ የምክር ስልክ ሃያ አራት ሰዓት ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ልጅሽ እንዳያስተረጉም! "አማርኛ አስተርጓሚ አቅርቡልኝ" በዪ። በስልክም ቢሆን ያመጣሉ፣ ክፍያ የለውም፣ መብትሽ ነው። በሽተኛው ራሱ ስለ ራሱ የሚያስተረጉምበት ምርመራ ምኑን ምርመራ ሆነ? ከሐኪሙ ጋር ብቻሽን የምታወሪበት ጊዜም ጠይቂ። የምራቁን ጠርሙስ፣ የፋሲካውን፣ የጉርሻውን፣ እዚህ እንደጻፍሽው አድርገሽ ንገሪያቸው። እንዲህ አድርጎ የሚነግረን ወላጅ ብዙ አናገኝም።

"የሴቶች በሽታ" ለሚለው። እ.ኤ.አ. በ1689 ሪቻርድ ሞርተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ይህን ከምግብ የመሸሽ ሕመም፣ ዛሬ አኖሬክሲያ የሚባለውን፣ ሲጽፍ ሁለት ታማሚዎችን አነሳ። አንዷ የ18 ዓመት ልጅ ናት። ሁለተኛው የአንድ ቄስ ልጅ ነው፣ ወንድ፣ ዕድሜው 16። ያንቺው እኩያ! ከዚያ ወንዱ ተረሳ። አሜሪካ ውስጥ እስከ 2013 ድረስ አኖሬክሲያ ለመባል ከመስፈርቶቹ አንዱ የወር አበባ መቅረት ነበር። እስቲ ወንድ ይህን ፈተና እንዴት ያልፋል? በ2007 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ አኖሬክሲያ የያዛቸው ሴቶች 0.9 በመቶ፣ ወንዶች 0.3 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። ቡሊሚያ 1.5 እና 0.5። ሳያስመልሱ ያለ ልክ መብላት ደግሞ 3.5 እና 2.0። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከአራት ታማሚ አንዱ ወንድ ነው ማለት ነው።

ቆፍጣናው፣ ላንተም አንድ ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1945 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ወንዶች ለጥናት ብለው በፈቃዳቸው ተራቡ። ጤነኛ፣ ጠንካራ ወጣቶች ነበሩ። ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰ። ሲከሱ ምን አደረጉ? የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። ሳህን ላሱ። በሙቀት ብርድ ብርድ አላቸው። አንድ ሳህን ምግብ ይዘው ረጅም ሰዓት ይቆዩበት ነበር። ተነጫነጩ፣ ከሰው ራቁ። ከመካከላቸው ሊዋብ ብሎ የተራበ የለም። ረሃቡ ራሱ አእምሮን እንዲህ ያደርገዋል። እመ ሁለት፣ ልጅሽ ጨጨብሳ እየሠራ እህቱን የሚያያት ለዚህ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ምግብ ነው። "ለምን?" የሚለው በኋላ ይደረስበታል።

ግን ዛሬ ማታ ተነስተሽ በግድ አታጉርሺው። ብዙ የከሳ ሰው ድንገት ብዙ ሲበላ ፎስፌቱ ይወርዳል፣ ልብና ሳንባ ላይ አደጋ ያመጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በሐኪም ክትትል ይሁኑ። ከዚያ ለልጅሽ ዕድሜ ጥሩ ውጤት ያለው ወላጅ የሚመራው ሕክምና ነው። እዚህ ኤፍቢቲ ይሉታል። ምን፣ መቼ፣ ስንት እንደሚበላ ለጊዜው እናትና አባት ይወስናሉ። ሦስት ዋና ምግብ፣ መሃል ላይ መክሰስ። እሱ ካሎሪ አይቆጥርም፣ ሚዛኑ ከቤት ይውጣ። አባትየውም ማዕዱ ላይ ይቀመጥ። "ተይው" ያለው አባት ካልገባበት ልጁ በሁለታችሁ መሃል ያመልጣል።

ከትሪውም ለጊዜው ይውጣ። የራሱ ሳህን ይኑረው። አውቃለሁ፣ ለኛ ሰው ይከብዳል፣ ልጅን ከማዕድ መለየት ይመስላል። ግን ትሪ ላይ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም። ጉርሻም መቀበል እንጂ መስጠት የለም።

ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን አናግሩ። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይገደድ እሳቸው ራሳቸው ቢነግሩት ከአንቺም ከእኔም ይልቅ ይሰማል። ጿሚ ፋሲካን ይናፍቃል። ፋሲካን የፈራ ልጅ ሌላ ነገር ይዞታል።

ስፖርቱን ሐኪም እስኪፈቅድ ያቁም። ለአሰልጣኙም ንገሪው። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ሬስለሮች ክብደት ሲቀንሱ ሞተዋል። ላስቲክ ልብስ ለብሰው ሙቀት ውስጥ ከባድ ስፖርት ሲሠሩ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠብቋል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደንብ ወንድ ልጅ የሰውነት ስቡ ከ7 በመቶ በታች እስኪሆን መቀነስ አይፈቀድለትም።


ጂም ልጅ (አዲስ አበባ)፦

እናቴ ጤና ይስጥልኝ። እግዜር ይማርልዎ። እኔ ደግሞ የተገላቢጦሹን ልንገርዎት፣ ሌላ እናት ካነበበች ይጠቅማት ይሆናል። እኛ ጂም ከጠዋት እስከ ማታ የማይጠፉ ልጆች አሉ። ክንዳቸው የእኔን ጭን ያክላል፣ እነሱ ግን መስታወት ፊት "ቀጭን ነኝ" ነው የሚሉት። እንቁላሉን በቁጥር፣ ዶሮውን በግራም፣ ምሳቃው ከእጃቸው አይለይም። ሰርግ አይሄዱም፣ ምግቡን ስለማያውቁት። አንዱ የወንድሙ ምርቃት ላይ ሥልጠና አያመልጠኝም ብሎ ቀርቷል። ጡንቻ ለማሳደግ መርፌ የሚወጉም አሉ። ይሄም ስም አለው፣ ማስል ዲስሞርፊያ ይሉታል፣ አሜሪካ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጽፈውበታል። ሰው ግን ሲያያቸው "ጀግና" ነው የሚለው። ጫት የሚቅሙትንም አስቡበት፣ ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ "ስቅም ውዬ ነው ያልበላሁት" ማለት ቀላል ነው።


እመ ሁለት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ እንዳልሽኝ አደረግሁ። ሌላ ሐኪም ጋ ሄድን፣ አስተርጓሚ በስልክ አስቀረቡልኝ። ልጄ መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ተኝቶ ሲለካ 42፣ ሲቆም 81። ከዚያው ሆስፒታል አስገቡት። አባቱ የመጀመሪያውን ሌሊት ማሽኑን እያየ አደረ። ሲተኛ ቁጥሩ ከ40 በታች ሲወርድ ማሽኑ ይጮሃል፣ እሱም ተነስቶ ይቆማል። ጠዋት "ተይው" የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

አሁን ቤት ነን። ይከብዳል። አንድ ሳህን ፓስታ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀምጠን እናውቃለን። ይሳደባል። ከዚህ በፊት ሰድቦኝ የማያውቅ ልጅ! ቴራፒስቷ "የሚናገረው በሽታው ነው" ትለኛለች። አንዳንዴ አምናታለሁ፣ አንዳንዴ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። የንስሐ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው "የሰኔን ጾም እኔ ይዤልሃለሁ፣ አንተ ብላ" አሉት። ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ኦገስት ላይ የአክስቱ ልጅ ሰርግ አለ። ቡፌ ነው። ዘመድ ሁሉ ሊያጎርሰው ይመጣል። ልውሰደው ወይስ ይቅር?


ሲስተር (ሜሪላንድ)፦

ይሂድ። ሳህኑን ግን አንቺ ወይ አባቱ አንሱለት፣ ቡፌው ጋ ብቻውን አይቁም። ከእናንተ መሃል ይቀመጥ። መክሰሱን ሳትዘሉ፣ በሰዓቱ በልቶ ይሂድ። እኅቶችሽን ቀድመሽ አስጠንቅቂ፣ ስለ ሰውነቱ አንድም ቃል እንዳይወጣ። የሚያጎርስ ከመጣ አባቱ ይቀበልለት።


ስም አይጠቀስ፦

ታክሲ ነጂ፣ ያንተን አንብቤ ነው አካውንት የከፈትኩት። 34 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳር ነኝ። ሁለት መጠጥ የምታዘው ነገር እኔም ጋ አለ። ሚስቴ አታውቅም። ለሐኪም ምን ተብሎ ነው የሚጀመረው?


ታክሲ ነጂ (ዲሲ)፦

ወንድሜ፣ እኔ ያልኩት ይህን ነው፦ "ብዙ እበላና አስመልሳለሁ፣ ማቆም አልቻልኩም፣ ፖታሲየሜን እዩልኝ።" በአፍህ ካልወጣልህ ስልክህ ላይ ጽፈህ አሳያቸው፣ እኔ ለሐኪሟ በወረቀት ነው የሰጠኋት። ካስመለስክ በኋላ ወዲያው ጥርስህን አትቦርሽ፣ በውሃ ተጉመጥመጥ። ልብህ የሚዘልብህ ከሆነ፣ ጡንቻህ የሚኮማተር ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ኢመርጀንሲ ሂድ። ለባለቤትህ እንዴት እንደምትነግራት ኢንቦክስ እናውራ። እሑድ ሥራ የለኝም።